ደረቅ ነው እርጥብ?

ይህ ጉዳይ እኔን የፈጀብኝ አንድ ጎረቤት ነው። ገንዘብ አልከሰርኩበትም፤ እንዲያውም ትንሽ አትርፌበታለሁ። ጎረቤት ግን ሲያልቅ ከመርካቶ ጭነው የሚያመጡት ዕቃ አይደለም፤ እንደ ጋሽ ስመኘው ያለው ደግሞ ጭራሽ።

መሞታቸውን የሰማሁት ከቁይ ከምትመጣ ደንበኛዬ ነው። ሳሙና በካርቶን ትወስዳለች። ዕቃዋን አስጭና ስታበቃ፣ "ያ እዚህ ጎንህ የነበረው ባለመድኃኒት አረፈ እኮ፤ አልሰማህም?" አለችኝ።

"መቼ?"

"ትናንት ሠልስቱ ነበር። ለመሆኑ የዚህ ሳሙና ዋጋ እንዲህ የሚሆነው እስከ መቼ ነው?"

ስለ ሳሙናው መለስኩላት።

ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው መደዳ፣ ከጋሽ ስመኘው ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተን ዐሥራ አንድ ዓመት ነግደናል። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ እኔ በዚህ ሳስነጥስ እሳቸው በዚያ በኩል "ይማርህ" ይሉኛል። የእኔ ሱቅ ሳሙና፣ ላስቲክ ጫማ፣ ፌስታል፣ የፀጉር ቅባት፣ በጠቅላላው ሰው የጠየቀው ነገር ያለበት ነው። የእሳቸው መድኃኒት ቤት ግን ሰው የጠየቀው ሁሉ አይሰጥበትም። ልዩነታችን ይኸው ነበር።

አጭር፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ነጭ ካፖርታቸው ከመታጠብ ብዛት ዐመድማ ሆኗል። ጥፍራቸው እንደ ሕፃን ጥፍር አጭርና ንጹሕ ነው። በወጣትነታቸው ሆስፒታል ውስጥ ቅባት በእጅ የሚለወስበት ክፍል ሠርተዋል፤ ከዚያ ይዘዋቸው የወጡ ሁለት ዕቃዎች ነበሯቸው፦ ገበታ የሚያህል ወፍራም ጠፍጣፋ መስታወትና ስለት የሌለው ረጅም ቢላ የመሰለ ብረት። ሥራ ሲጠፋ ያንን መስታወት ይወለውሉታል። እኔ ሥራ ሲጠፋ መንገደኛ ነበር የምቆጥረው።

አንድ ገበሬ ገብቶ "ቅባት ስጠኝ" ይላቸዋል።

"የት ነው?"

"እግሬን።"

"ደረቅ ነው እርጥብ?"

"እኔ እንጃ፤ ያሳክከኛል።"

"ማሳከኩን አልጠየቅሁዎትም። ሲነኩት እጅ ያርሳል ወይስ ይሻክራል?"

"አንተ ሰውዬ፣ ቅባት ትሸጣለህ ወይስ ትዳኛለህ?"

"ሳልዳኝ እንዴት እሸጣለሁ?"

ከእንዲህ ዓይነቱ ገበያተኛ ግማሹ ተናዶ ይወጣና ወደ እኔ ይገባል። እኔ አልጠይቅም።

ምክንያቱም እኔም የቆዳ ቅባት እሸጥ ነበር። በመተማ በኩል ከጫማና ከሽቶ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባ፣ ቱቦው የሚያብረቀርቅ። ፈቃድ የለኝም፤ ያን ጊዜ በመደዳው ፈቃድ ሳይኖረው የቆዳ ቅባት የማይሸጥ ባለ ሱቅ ቢኖር ጋሽ ስመኘው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ፈቃድ አላቸው።

አንድ ቀን ተከራከርኳቸው። በአንድ እጄ ክሬም፣ በሌላው እንደ ቫዝሊን የሚወፍረውን ቅባት ይዤ ሄድኩ። "ጋሼ፣ እስቲ ይዩት። ስሙ አንድ ነው፣ ቤታሜታዞን። ቁጥሩም አንድ ነው። እርስዎ ግን ለአንዱ ሰው ይሄን፣ ለሌላው ያንን ይላሉ። ስኳር በከረጢት ቢመጣም በኩንታል ቢመጣም ስኳር ነው።"

አልሳቁብኝም። "ደምሴ፣ መድኃኒቱ መንገደኛ ነው፤ የተለወሰበት ነገር ደግሞ በቅሎዋ ናት። ከአማኑኤል ከተማ የተነሣ አንድ ሰው በእግሩ ሲመጣና በበቅሎ ሲመጣ እኩል ይደርሳል?"

"ቢዘገይም ይደርሳል።"

"ቆዳ በር ያለው ከተማ ነው። የዘገየ ውጭ ያድራል።" ከዚያም ክንዴን ያዙት። "ቀይ መሆንህ ለአንድ ነገር ይጥቀም። እጅጌህን ሰብስብ።"

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። በእስክሪብቶ ክንዴ ላይ ሦስት ክብ ሣሉ። አንዱ ላይ ውኃ የመሰለውን ጠብ አደረጉ፤ ሁለተኛው ላይ ክሬሙን፣ ሦስተኛው ላይ ቅባቱን ቀቡ፤ በቅባቱ ላይ ከእኔው ፌስታል ቆርጠው በፕላስተር ለጠፉበት። የሦስቱም ስም አንድ፣ ቁጥራቸው አንድ ነው። "ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ና" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ገበያተኛው ሁሉ "ምን ነክሶህ ነው?" ሲለኝ ዋለ።

በዐሥራ አንድ ሰዓት ጠርገው አሳዩኝ። በውኃው ክብ ውስጥ ያለው ቆዳዬ እንደ ነበረ ነው። የክሬሙ ገርጣ ብሏል። የቅባቱ፣ ያ ፌስታል የተለጠፈበት፣ ደም የሌለበት ይመስል ነጥቷል።

"አየህ? ደም ሥሩን አስጨንቆ ነው የሚያነጣው። ቅባት ከክሬም ይልቅ ያስገባዋል፤ ላስቲክ ሲደረግበት ደግሞ እጥፍ ድርብ። እንግዲህ አንድ ቀን እንዲህ ካደረገ፣ ዓመት ቢቀቡት ምን እንደሚያደርግ አስብ።"

"ዓመት ማን ይቀባል?"

"አንተ የሸጥክለት" አሉኝ።

ስለዚህ አላወቅኩም አልልም። በገዛ ክንዴ ላይ አይቼዋለሁ።

መሪጌታ ይትባረክ የመጡት ከአምበር ወጣ ብሎ ካለ ደብር ነው። ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ዳዊት እየጻፉ የሚኖሩ። መጀመሪያ የገቡት እኔ ጋ ነበር፤ ነጠላቸውን በእጃቸው ላይ ጠቅልለው። ሲገልጡት መዳፋቸውና ጣቶቻቸው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቀዋል፤ ላዩ ነጭ ቅርፊት ነው።

"የአገሩ ሰው ቁምጥና ነው ይለኛል" አሉ። "የጻፍኩትን መጽሐፍ እንኳ ከእጄ አይቀበሉኝም፤ መሬት አስቀምጠው ይሉኛል።"

ክሬም ሸጥኩላቸው። ቅባት ብራና ያበላሻል አሉኝ፤ እኔም ክሬሙ እጅ ላይ አይቆይም ብዬ አመሰገንኩላቸው። በወሩ ተመለሱ። እጃቸው እንደ ነበረ ነው። ገንዘባቸውን ከመመለስ የጎረቤቴን በር ማሳየት ረከሰኝና ወደ ጋሽ ስመኘው ወሰድኳቸው።

ጋሽ ስመኘው ከጥጥ ላይ ቀጭን ክር መዘዙ። "መሪጌታ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎት ይንገሩኝ።"

"ነካኸኝ።"

"አሁንስ?"

"ነካኸኝ። አሁን ትንሿ ጣቴን።"

"ይግለጡ። ቁምጥና አይሰማውም፤ የእርስዎ ቆዳ ግን ከእኔ ይበልጥ ይሰማል። ሶሪያሲስ የሚባል ነገር ነው። ሰው ላይ አይጋባም። ደብረ ማርቆስ ሙሉ ሰው ቢጨብጡ አይጋባም።"

መሪጌታ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ ሱቄን ክፍት ትቼ ስለ ነበር ልወጣ ስል ጋሽ ስመኘው በዓይናቸው አስቀሩኝ፤ ክሬሙን የሸጠው ማን እንደ ሆነ ገብቷቸዋል።

"ክሬም ለእርጥብ ነው" አሏቸው። "እንዲህ የደረቀና የወፈረ ቅርፊት ላይ መንገደኛው ቆሞ ይቀራል።"

መሪጌታ ዕንባቸውን ጠረጉና ነገሩን ከኔ ቀድመው ያዙት። "ጥቀርሻን በውኃ ብቻ ብበጠብጠው በብራና ላይ ይጻፋል፤ ሲደርቅ ግን በእጅ ይራገፋል። ሙጫ ሲገባበት ነው የሚነክሰው። ጥቀርሻው ያው ነው።"

"ይኸው!" አሉ ጋሽ ስመኘው፤ ወደ እኔ ዞረውም "ሰማህ፣ ደምሴ? ሰው በአንድ ቃል ገባው።"

ሐኪም ሳያዝ መስጠት እንደማይገባቸው ያውቁ ነበር። ሆስፒታል ይሂዱ ብለዋቸው መሪጌታ "እዚያ ስጠብቅ ሰው ከአጠገቤ ተነሣ" ስላሏቸው ራሳቸው ሰጡ። በመስታወቱ ላይ ለወሱ፤ በትንሽ ቆርቆሮ አድርገው፣ ለዐሥራ አምስት ቀን ብቻ የሚበቃ። ሙሉ ቱቦ ለሰው አይሰጡም። ጽሕፈቱ ሲያበቃ እጅ ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ፌስታል ይጠለቃል፣ አንጓው ላይ በጨርቅ ይታሰራል፤ ሲነጋ ይፈታል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ ወደ ብራናው።

ሳሙናውንም ፌስታሉንም የገዙት ከእኔ ነው።

በዐሥራ ስድስተኛው ቀን የገቡት ሰው ሌላ ሰው ናቸው። ነጠላ የለም፤ እጃቸውን ገና በር ላይ ሆነው ዘርግተዋል። ጋሽ ስመኘው ጨበጧቸው፤ እኔንም አስጨበጡኝ። ያ መዳፍ ለስላሳና ሙቅ ነበር። ከዚያ ጋሽ ስመኘው ቅባቱን ቀነሱት፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ላስቲክ የለም፤ ከዚያም ደካማውን፤ ከዚያም ተራ ቫዝሊን።

"ያንኑ ብትጨምርልኝስ?" አሏቸው መሪጌታ።

"አይሆንም። ይቁም።"

"ከተመለሰብኝ?"

"ይመለስብዎት ይሆናል። ያን ጊዜ ይምጡ። ዛሬ ግን ይቁም አልኩ።"

ያሉት ይህን ብቻ ነው። አብራርቶ መናገር የሚወዱት ሰው፣ ለእኔ ክንዴ ላይ ሥለው ያሳዩኝን ለመሪጌታ አላሳዩም። መሪጌታ ጠይም ስለ ሆኑ ይሁን ወይም ደስታቸውን ላለማደፍረስ፣ አላውቅም።

ክረምቱ ሲገባ ተመለሰባቸው። በዚያ ላይ አንድ ሀብታም ለደብሩ የሚሰጠው ትልቅ ዳዊት አዝዟቸው ነበር፤ ለጥምቀት መድረስ አለበት። ጋሽ ስመኘው ደካማውን ሰጥተው፣ ይታገሡ፣ ሐኪም ይይዎት፣ እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ አሏቸው። መሪጌታ እሺ ብለው ወጡ፤ ወጥተውም በእኔ በር ገቡ።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያ ቅባት አለህ?" አሉኝ። "ክሬሙን አይደለም።"

ነበረኝ። እንዲያውም ከጋሽ ስመኘው ቅባት የሚበረታ ነበረኝ፤ ቱቦው ትልቅ፣ ጽሑፉ የማላውቀው ቋንቋ፣ ስሙ ክሎቤታሶል።

"ላስቲኩንስ?"

"እንደ በፊቱ ያድርጉበት" አልኳቸው። "ላስቲክ ሲኖር ቅባቱ ልብስ ላይ አይባክንም፤ ይበረክታል።" ይህን ያልኩት እንደ ነጋዴ ነው፤ ዕቃ እንዲበረክት የሚመክር ነጋዴ ደግ ነጋዴ ይባላል። ሦስቱ ክቦች ትዝ አላሉኝም ብል ደግሞ ውሸት ነው። ትዝ አሉኝ። ገበያተኛ ነበረብኝ።

"ለስመኘው እንዳትነግረው" አሉኝ ሲወጡ።

ምን በወጣኝ።

በየወሩ መጡ። ሰባት ቱቦ ሸጬላቸዋለሁ። እጃቸው ደግሞ ያምር ነበር፤ ቅርፊት የለ፣ ስንጥቅ የለ፤ ያብለጨልጭ ነበር። በአራተኛው ወር መልስ ሲቀበሉኝ አየሁት፤ የጣቶቻቸው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል፤ ሰማያዊው ደም ሥር ከታች ተዘርግቶ ይታያል።

"ከልክ በላይ የተፋቀ ብራና እንዲህ ነው" አሉኝ ራሳቸው፤ እጃቸውን ወደ ብርሃኑ አንሥተው። "ያሳልፋል።"

"ያማል?"

"አያምም። ብቻ ብዕሩ የሚያርፍበት ላይ ቶሎ ይላጣል።"

ያን ቀን ማቆም እችል ነበር። ሰባተኛው የተሸጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የመቃ ብዕራቸው የሚያርፍበት ጣት ተላጠ፤ በላስቲክ ውስጥ እየታፈነ አመረቀዘ፤ ቅባቱ ሕመሙንና እብጠቱን እየደበቀላቸው ዳዊቱን ቀጠሉ። ወንድማቸው በቃሬዛ ሆስፒታል ያስገባቸው ጊዜ አጥንት ደርሷል። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተቆረጠ። የሚጽፉባቸው ሁለቱ።

ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዤ ጠየቅኳቸው። አልጋው አጠገብ ሰው እስኪወጣ ጠበቅኩና፣ "መሪጌታ፣ ልጆች አሉኝ። ስሜን አያንሡብኝ" አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ብርቱካኑን ትቼ ወጣሁ።

በሳምንቱ ሁለት የጤና ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዎች ከመሪጌታ ወንድም ጋር መጡ። ሳያቸው ያለኝን ቱቦ ሁሉ በጫማ ካርቶን አድርጌ በጓሮ በኩል አሾለክሁ። ከዚያ መጥቼ በጋሽ ስመኘው በር ላይ ቆምኩ፤ እንደማንኛውም ጎረቤት።

ወንድምየው እጁን ወደ ጋሽ ስመኘው ዘርግቶ፣ "እሱ ነው! ላስቲክ አስረህ ተኛ ያለው እሱ ነው!" ይላል።

አንዱ ተቆጣጣሪ ያለቀ ቱቦ አወጣ። "ይህን የሸጡት እርስዎ ነዎት?"

ጋሽ ስመኘው ቱቦውን ተቀብለው ገለበጡት። እንዲህ ያለ ቱቦ በመደዳው ማን ብቻ እንደሚሸጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ቢኖር እሳቸው ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሳስነጥስ "ይማርህ" የሚሉኝ ሰው ናቸው።

"ቱቦው የእኔ አይደለም" አሉ። "ቅባቱን በላስቲክ ያስጀመርኳቸው ግን እኔ ነኝ። ያለ ሐኪም ማዘዣ።"

"ታዲያ ቱቦውን ከየት አገኙት?"

"እኔ ያለሁትን ጻፍ።"

ጻፈ። መድኃኒት ቤቱ በዚያው ታሸገ፤ ፈቃዳቸውም አልተመለሰም።

ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ቁይ ከመሄዳቸው በፊት እኔ ሱቅ ገብተው አንድ ሳሙና ገዙ። ዋጋውን ልተው ብል በጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ስንት ቱቦ ሸጥክላቸው?"

"ሰባት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "በቅሎ ስትሸጥ ልጓሙን አብረህ ትሸጣለህ።"

"ጋሼ፣ ለምን አልተናገሩብኝም?"

"አንተን ብሰጥ ጣታቸው ይበቅላል?" አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ "እኔም 'ይቁም' አልኳቸው እንጂ ለምን እንደሚቆም አልነገርኳቸውም። ለአንተ፣ ክሬም ከቅባት ለማትለየው፣ ቀን ሙሉ አስተማርኩ። ለእሳቸው ሁለት ደቂቃ ነፈግሁ። ይሄ የእኔ ነው። የአንተን አንተ ታውቃለህ።"

ያን መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልለው አውቶቡስ ላይ ሲወጡ አየሁ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ቁይ ስንት ጊዜ ዕቃ ልኬያለሁ፤ እኔ ግን አልሄድኩም።

ቁይ ሄጄ ለቅሶ የደረስኩት በሰባተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ውስጥ መሪጌታ ይትባረክ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፤ አሁን ዜማ በቃል ያስተምራሉ። ቅርፊቱ ተመልሶ እስከ ክርናቸው ወጥቷል። አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ያን ጊዜ ዝም ያልኩት ስለ ለመንከኝ አይደለም" አሉኝ ሳያዩኝ። "አፍሬ ነው። ይቁም ብሎኝ ነበር፤ ተደብቄው ወደ አንተ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ለባለቤቱ ነገርኳት።"

"ምን አሉ?"

"'እሱም ያውቅ ነበር' አለችኝ። የአንተን ስም አላነሣሁም፤ እሱን ራስህ ትናገረዋለህ።"

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ውስጥ ነበሩ። ገባሁ። "እግዚአብሔር ያጽናዎ" አልኩ። "ደምሴ ነህ?" አሉኝ። "ብዙ ጊዜ ያነሣህ ነበር።" በምን እንደሚያነሡኝ አልጠየቅሁም። ትንሽ ተቀመጥኩ። ተነሣሁ። ወጣሁ።

ሰኞ ዕለት ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። አንዲት ልጅ እግር ሠራተኛ ነበረች።

"ስለ ስመኘው መድኃኒት ቤት ቃል ልሰጥ ነው።"

"ያ የድሮው? ባለቤቱ ይምጡ፣ አባባ።"

"ሞተዋል።"

"ታዲያ ቃሉ ለማን ነው?"

"ለመዝገቡ።"

"መዝገቡ እኮ ተዘግቷል።" ፊቴን አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ ወረቀት ሰጠችኝ። ጻፍኩት፤ ሰባቱንም ቱቦ። ፈረምኩ። ልጅቷ ተቀብላ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አስቀመጠችው። እስከ ዛሬ የጠራኝ የለም።

መሪጌታ ይትባረክ በቀኝ እጃቸው ሦስት ጣት አላቸው፤ ዳዊቱ ሳያልቅ ቀርቷል። ጋሽ ስመኘው ቁይ ተቀብረዋል፤ በመዝገቡ ላይ ጥፋተኛው እሳቸው ናቸው። የእኔ ሱቅ ክፍት ነው።